ሁለት ትንንሽ የደሴት አገሮች ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የሚመሠርቱት እንዲህ ነው

ደሴ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የዲፕሎማሲ ክበብ አለን። ዘንድሮ ልጆቹን ለሁለት ከፍዬ ግማሾቹን ቱቫሉ፣ ግማሾቹን ዶሚኒካ አደረግኳቸው። አንዷ ፓስፊክ፣ አንዷ ካሪቢያን ናት። ለልምምዱ ሲባል ግንኙነቱን ከዜሮ እንዲጀምሩ ነገርኳቸው። ክበብ የምትመሩ ካላችሁ አካሄዱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ እውቅናንና ግንኙነትን ለዩ። እውቅና አንድ አገር ብቻውን ይሰጣል። ግንኙነት ግን የሁለቱንም ፈቃድ ይፈልጋል። ስለ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የወጣው እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የቪየና ኮንቬንሽን (ዓለም አቀፍ ስምምነት) አንቀጽ 2 የሚለው ይህንኑ ነው። «ቲቸር፣ የኤምባሲው ብር ከየት ይመጣል?» አሉኝ የቱቫሉዎቹ። አብሽሩ አልኳቸው። ግንኙነት መመሥረት ኤምባሲ መክፈት ማለት አይደለም። 26 ካሬ ኪሎ ሜትርና 11 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት አገር በየቦታው ሕንፃ ልትከራይ አትችልም።

ሥራው የሚያልቀው ኒውዮርክ ነው። ሁለቱም በተባበሩት መንግሥታት ቋሚ ተወካይ አላቸው። አንዱ ተወካይ ሌላውን አግኝቶ ሐሳቡን በቃል ያነሳል። ከዚያ ሁለቱም በየዋና ከተማቸው፣ የቱቫሉው ፉናፉቲ የዶሚኒካው ሮዞ፣ ላሉ መንግሥታቶቻቸው ጽፈው የመፈረም ሥልጣን ይጠይቃሉ። ያለዚህ ሥልጣን ማንም እንዳይፈርም።

ዋናው ሰነድ የጋራ መግለጫው ነው። አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ እንዲያውም ከዚያ ባይበልጥ ይሻላል። የልጆቹ ረቂቅ ዋና መስመር ይኸው፦

«የቱቫሉ መንግሥትና የዶሚኒካ መንግሥት፣ በተባበሩት መንግሥታት ቻርተርና በቪየና ኮንቬንሽን መሠረት፣ ይህ መግለጫ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ለመመሥረት ተስማምተዋል።»

የዶሚኒካዎቹ ወዲያው አኮረፉ፤ ለምን ቱቫሉ ቀደመች? ልክ ናቸው። መግለጫው በሁለት ዋና ቅጂ ይዘጋጃል። ዶሚኒካ በምትወስደው ቅጂ ላይ የዶሚኒካ ስም ይቀድማል፤ ፊርማዋም እንደዚያው። ቱቫሉ በምትወስደው ላይ ይገለበጣል። ትልቅ አገርም ትንሽ አገርም እኩል የሚከበረው በእንዲህ ያለው ነገር ስለሆነ በደንብ አስተምሩት።

የመልእክተኛውን ደረጃ ስትጽፉ ተጠንቀቁ። ሁለቱም የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ማኅበር) አባላት ስለሆኑ የሚላላኩት መልእክተኛ አምባሳደር ሳይሆን ከፍተኛ ኮሚሽነር ይባላል። ክብሩ ያው ነው።

ሌላው የታይዋን ጉዳይ ነው። ቻይና ታይዋንን የራሷ ግዛት ስለምትል አገሮች ከሁለቱ አንዷን ይመርጣሉ። ቱቫሉ የታይዋን ወዳጅ ናት። ዶሚኒካ ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ታይዋንን ትታ ወደ ቤጂንግ፣ ማለትም ወደ ቻይና፣ ዞራለች። ይህ ሁለቱን ከመቀራረብ አያግዳቸውም። በመግለጫው ውስጥ ግን ስለዚህ አንድም ቃል አታስገቡ።

ከተፈረመ በኋላ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በጋራ ደብዳቤ ማሳወቅ የተለመደ ነው። ቀጥሎ ሹመቱ ይመጣል። የተሿሚው ስም በይፋ ከመነገሩ በፊት ተቀባዩ አገር በጸጥታ ይጠየቃል። ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ እንደመላክ ነው፤ ሳይፈቀድ ድግስ አይጠራም። ተቀባዩ አልፈልግም ካለ ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለበትም። ተሿሚው ኒውዮርክ ያለው ቋሚ ተወካይ ራሱ ቢሆን ይቻላል፤ በርካታ አገሮችን ደርቦ መያዝም ይፈቀዳል። የሹመት ደብዳቤውን ከማርቀቃችሁ በፊት የርዕሰ ብሔሩን ማንነት አጣሩ። ዶሚኒካ ፕሬዝዳንት ያላት ሪፐብሊክ ናት። የቱቫሉ ርዕሰ ብሔር ግን የእንግሊዙ ንጉሥ ሲሆን እዚያ የሚወክለው ጠቅላይ ገዥ ነው።

በመጨረሻ የሥራ አጀንዳ አውጡ፤ እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። ዶሚኒካን እ.ኤ.አ. በ2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታት የደረሰው ጉዳት ከዓመታዊ ጠቅላላ ምርቷ ከእጥፍ በላይ ነበር። ቱቫሉ ደግሞ ከፍተኛው ቦታዋ ከባሕር በላይ አምስት ሜትር እንኳን አይሞላም። 193 አባላት ባሉት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሁለቱም እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ አላቸው፣ ልክ እንደ ቻይናና እንደ አሜሪካ። ስለዚህ የመጀመሪያው አጀንዳ የአየር ንብረት ድርድር ይሁን። ከየወገኑ ደብዳቤ የሚመልስ አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ የመጀመሪያው ስብሰባ ቀንም እዚያው ፊርማው ላይ ይቆረጥ።