ውቅያኖስ ለመሻገር ባለሸራ ጀልባ ሲመርጡ በመጠኑ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

«ጋሼ፣ እስቲ ይህችን ይዩልን» ብለው ስልካቸውን ወደ እኔ ያዞሩት ሁለት ወጣቶች ባሕር ዳር ተምረው በውጭ አገር የንግድ መርከቦች ላይ በመሐንዲስነት የሚሠሩ ናቸው። ለእረፍት መጥተው ለገሃር አካባቢ ቡና እየጠጣን ነበር። ፎቶው ላይ ያለችው ባለሸራ ጀልባ 15 ሜትር ትረዝማለች፤ ዕድሜዋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ነው፤ ዋጋዋ ለርዝመቷ የሚያጠራጥር ርካሽ ነው። አንደኛው ከሚስቱ ጋር ከአፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ፊት ለፊት ካሉት የካናሪ ደሴቶች ተነሥቶ አትላንቲክን ተሻግሮ ካሪቢያን ሊገባ፣ ሌላው ወጪውን ሊጋራ ተስማምተዋል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስሁት በመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ቢሆንም አንድ ጊዜ ያንኑ ውቅያኖስ በሰው ጀልባ፣ በሸራ ተሻግሬአለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልሁም።

ትልቅ ከሆነ ደኅና ነው ማለት

በ200 ሜትር መርከብ ላይ ለሚሠራ ሰው 15 ሜትር መጫወቻ ይመስለዋል። ትልቅ ጀልባ በሞገድ ላይ ይበልጥ እንደሚረጋጋ አልክድም። ይሁን እንጂ እንግሊዛዊው ባሕረኛ ሮቢን ኖክስ-ጆንስተን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ከእንግሊዝ ተነሥቶ፣ የትም ወደብ ሳይቆም፣ ብቻውን በ312 ቀን ዓለምን የዞረው «ሱሃይሊ» በምትባል 9.8 ሜትር ገደማ የእንጨት ጀልባ ነው። የኔዘርላንዷ ላውራ ዴከር በዚያው አቆጣጠር በ2012 ብቻዋን ዓለምን ዞራ ስትጨርስ ዕድሜዋ 16፣ ጀልባዋም 12 ሜትር ገደማ ነበር። ጀልባን ከማዕበል የሚያወጣው የሆዱ (ውሃ ውስጥ የሚገባው አካሉ) ጥንካሬ፣ የመሪው አጣበቅ፣ ምሰሶውን ወጥረው የያዙት ሽቦዎች ጤንነትና የሰውየው ችሎታ ነው። ሽቦው የዛገ 15 ሜትር ጀልባ ከደኅና 10 ሜትር ጀልባ አይሻልም።

ፍጥነትን በጠቅላላ ርዝመት መገመት

«ረጅም ጀልባ ይፈጥናል» አለኝ አንደኛው። ልክ ነው፤ ግን የሚቆጠረው ውሃው ላይ የሚያርፈው ርዝመት እንጂ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው አይደለም። መሐንዲሶች ስለሆኑ በሶፍት ላይ አሰላሁላቸው። የውሃ መስመሩን ርዝመት በሜትር ወስደህ ስኩዌር ሩቱን በ2.43 ስታባዛው ከባድ ጀልባ በተለመደው ሁኔታ የሚደርስበትን ከፍተኛ ፍጥነት በኖት (በሰዓት የባሕር ማይል፤ አንዱ 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ) ታገኛለህ። ውሃ ላይ 9 ሜትር ያላት 7.3 ኖት ትደርሳለች፤ 12.25 ሜትር ያላት 8.5። አንድ ኖት ከምናምን ለመጨመር ርዝመቱ ከሲሶ በላይ አደገ። ቅርጹ ሳይለወጥ ከሆነ ክብደቱ ሁለት ዕጥፍ ተኩል ይሆናል፤ ክብደት የሚያድገው በርዝመቱ ሦስተኛ ርቢ ነውና። ይህን ክብደት የሚስብ ሸራ፣ ሸራውን የሚሸከም ምሰሶ፣ የሚያቆም መልህቅ ሁሉ አብሮ ያድጋል።

የሸራውን ስፋት ከክንድ ጋር አለማመዛዘን

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። ባልና ሚስት ሲጓዙ «ሁለት ነን» ይላሉ። በረጅም ጉዞ ግን ተራ በተራ ስለሚተኙ ጀልባዋ ሁልጊዜ ያለችው በአንድ ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ነን?» ሳይሆን «ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የነቃው ሰው ብቻውን ምን ይችላል?» መሆን አለበት።

እኔ የተሻገርሁባት ጀልባ 14 ሜትር፣ ዋና ሸራዋ ደግሞ 60 ካሬ ሜትር ገደማ ነበር። የባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ወለል ተነሥቶ በነፋስ ሲወጠር አስቡት። ሦስት ነበርን፤ አንዱን ከተነሣን ጀምሮ ባሕሩ አልተስማማውም፤ ከባልዲው አጠገብ አልተነሣም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ጥቁር ደመና ከኋላችን ደርሶ ነፋሱ በድንገት ጠነከረ፤ ሸራውን ማሳነስ ነበረብን። የጀልባዋ ባለቤት በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የሸራ ገመድ መጠቅለያ ቁልፍ ሲጫን «ጭጭ» ብሎ ቀረ፤ ጨው ሽቦውን በልቶታል። ወደ ምሰሶው ሄጄ በጉልበቴ አቅፌው ጨርቁን ወደ ታች መጎተት ጀመርሁ። ነፋስ የወጠረው ሸራ እንደ ቆርቆሮ ነው፤ ጣት የሚገባበት እጥፋት የለውም። የቀኝ እጄ ጥፍር ተገለበጠ፤ ያወቅሁት ግን ነግቶ ደሙን ሳይ ነው። በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጀልባዋ ከሚገባው በላይ ሸራ ተሸክማ በጎኗ ተኝታ ትሮጥ ነበር።

በዚህ ምክንያት ለሁለት ሰው ዋናው ሸራ ከ40 ካሬ ሜትር ባይበልጥ እመርጣለሁ። ይህም ብዙውን ጊዜ ከ10.5 እስከ 12 ሜትር ባሉ ጀልባዎች ላይ የሚገኝ ነው። የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይኑር፤ ነገር ግን ከመግዛታችሁ በፊት አጥፉትና ሁሉንም በእጅ ሞክሩት። የምትሞክረውም ሚስትህ ትሁን አልሁት ባለትዳሩን፤ አንተ ታመህ ብትተኛ ሸራውን የምታወርደው እርሷ ናት።

ለእንግዳ አልጋ መግዛት

ይህ የእኛ በሽታ ነው። ቤት ስንሠራ ለራሳችን ጠባብ መኝታ ትተን፣ ሳሎኑን በዓመት ሦስት ጊዜ ለሚመጣ እንግዳ እናሰፋለን። ልጁም ስምንት አልጋ ያላትን ጀልባ የወደደው «ወንድሞቼ ሲመጡ» ብሎ ነው። ወንድም ቪዛ አግኝቶ፣ ትኬት ቆርጦ፣ ጀልባዋ በነፋስ ምክንያት ያልደረሰችበት ደሴት ላይ ሁለት ሳምንት ሲጠብቅ ታየኝ። ከመጣም ወደብ ላይ ባለ ሆቴል ቢያድር ይሻለዋል፤ የሆቴሉ ሒሳብ ለባዶ አልጋ ዓመቱን ሙሉ ከሚከፈለው ያንሳል። ብዙ ሰው የግድ የሚያስፈልግበት ቀን ፓናማ ቦይን ሲያልፉ ነው፤ ከመሪው ያዥ ሌላ አራት ገመድ ያዦች ይጠየቃሉ። ለዚያም ወረፋ የሚጠብቁ ባሕረኞች እርስ በርስ ይረዳዳሉ፤ እንደ ደቦ ነው።

በጣም ትንሽ ገዝቶ በጭነት ማስመጥ

ይህን ሁሉ ስናገር ሁለተኛው ልጅ ወዲያው 8 ሜትር ጀልባ ፈልጎ አሳየኝ። ይህም ሌላ ስህተት ነው። ከካናሪ እስከ ካሪቢያን 2,700 የባሕር ማይል ገደማ ነው፤ በአማካይ 5 ኖት ብትሄዱ 22 ቀን ከግማሽ። መጠባበቂያ ጨምረን 30 ቀን እንበል። በቀን ለአንድ ሰው 4 ሊትር ውሃ ብትይዙ ለሁለት ሰው 240 ኪሎ ነው። ባለ 10 ሚሊ ሜትር የመልህቅ ሰንሰለት በሜትር ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ 60 ሜትሩ ከ130 ኪሎ ያልፋል። በዚያ ላይ ናፍጣ፣ ምግብ፣ ባትሪ፣ መፍቻ፣ መለዋወጫ፣ ትንሿ የጎማ ጀልባ ከነሞተሯ ሲታከሉ አንድ ቶን ብዙም ሳይታወቅ ይሞላል። 6.5 ቶን የምትመዝን ጀልባ ይህን ትችለዋለች፤ 3 ቶን የምትመዝነው ግን ከፊት ለፊቷ ተደፍታ፣ ሞገዱ በላይዋ እያለፈ፣ እንደ እርጉዝ ላም ትሄዳለች። ሻጩ የሚነግራችሁ ሜትሩን ነው፤ እናንተ ቶኑን ጠይቁ።

የግዢውን ዋጋ የመጨረሻ ዋጋ አድርጎ ማየት

መጠኑ በዓይናቸው እንዲታያቸው ብዬ ጠመኔ አስመጣሁና ከቡና ቤቱ ፊት ለፊት ባለው የመኪና ማቆሚያ አስፋልት ላይ 15 ሜትር በ4.5 ሜትር ማስመር ጀመርን። ሦስት ሚኒባስ ታክሲዎች ተከታትለው የሚቆሙበት ያህል ወጣ። የማቆሚያው ተቆጣጣሪ ልጅ ደረሰኙን ይዞ መጥቶ መስመሩን ተመለከተና «ይኼ የሦስት መኪና ቦታ ነው፤ የሦስት ነው የምቆርጠው» አለን።

ከእኔ ስብከት ይልቅ የገባቸው ያ ነው። የጀልባ ማቆሚያ ወደቦችም በአብዛኛው የሚያስከፍሉት በሜትር ነው፤ ባለ ሁለት አካሏ ካታማራን ሰፊ ስለሆነች ብዙ ቦታ ጭማሪ ይጠየቅባታል። ከውሃ አውጥቶ ማቆም፣ ሆዷ ላይ የሚጣበቁትን ዛጎል ለበስ እንስሳትና አረም የሚከላከለውን ቀለም መቀባት፣ ሸራ መለወጥ፣ ሁሉም በመጠን ይሰላል። አሮጌ ትልቅ ጀልባ የሚረክሰው ዋጋው ስለወረደ እንጂ ወጪው ስለወረደ አይደለም፤ ለምሰሶው ሽቦና ለሸራው የሚከፈለው ለአዲስ 15 ሜትር ጀልባ ሽቦና ሸራ የሚከፈለው ያህል ነው። እኔ ብሆን ካለኝ ገንዘብ ሲሶውን ለጥገና ሳላስቀምጥ ቼክ አልፈርምም።

ወደ ታችና ወደ ላይ አለመለካት

ባጭሩ፦ ሆዷ ከውሃ በታች ከሁለት ሜትር በላይ የሚወርድ ጀልባ እንደ ባሃማስ ባሉ ጥልቀት የሌላቸው ባሕሮች ብዙ ማረፊያ ይዘጋባታል። ምሰሶዋ ከ19 ሜትር ተኩል ያለፈ ደግሞ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ የውስጥ የውሃ መንገድ ድልድዮች ሥር ማለፍ ይከብዳታል።

ሳይሻገሩ መግዛት

በኅዳር ወር አካባቢ ከካናሪ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በግራን ካናሪያ፣ ላስ ፓልማስ ወደብ ለመሻገር የሚዘጋጁ ብዙ ጀልባዎች ይሰበሰባሉ፤ ሠራተኛ የሚፈልጉም አሉ። ሞተር የሚጠግን ሰው ለማንም ሲሳይ ነው። አንድ ጊዜ በ10፣ አንድ ጊዜ በ13 ሜትር ጀልባ የተሻገረ ሰው ምክር አያስፈልገውም።

ባለትዳሩ የሚቀጥለውን እረፍቱን ወደ ኅዳር ለማዞር ለአሠሪዎቹ ጽፏል። ጓደኛው ግን የ15 ሜትሯን ፎቶ ከስልኩ አላጠፋም፤ ባለፈው ሳምንት ዋጋዋ እንደገና መቀነሱን በደስታ ነገረኝ።