እንጀራው ዓይን ሲያጣ፦ በደንብ የማይግል የኤሌክትሪክ ምጣድ እንዴት ይፈተሻል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ሊጡም እንደ ሰው ይበርደዋል፤ በሌላው ወር በሚቦካበት ጊዜ አይቦካም። ስለዚህ እንጀራው ዓይን አላወጣም ብሎ ምጣዱን ከመገልበጥ በፊት ሊጡን መጠርጠር ይገባል። በሰሜን ሸዋ ደጋ ምጣድ ያለ ጥፋቱ የሚፈታው ብዙ ጊዜ ነው።

መለያ ዘዴው ቀላል ነው። ምጣዱን ሰክተው አክንባሎውን ከድነው 15 ደቂቃ ያህል ያሙቁት። ከዚያ መሃሉ ላይና ጠርዙ ዙሪያ አራት ቦታ አንድ አንድ ማንኪያ ሊጥ ያፍስሱ። አንዳንዱ ዓይን አውጥቶ ሌላው ድፍን ሆኖ ከቀረ ችግሩ ከምጣዱ ሽቦ ነው። ሁሉም ድፍን ከሆኑ ወይ ሊጡ አልቦካም ወይ ምጣዱ የሚደርሰው ኃይል አንሷል። ያው ሊጥ ጎረቤት ምጣድ ላይ ዓይን ካወጣ ሊጡ ነጻ ነው።

ቀጥሎ መሰኪያውን ይንኩ፤ ነቅለው፣ የፕላስቲኩን ክፍል ብቻ። ከጋለ፣ ከጠቆረ ወይም ከሸተተ ውስጡ ብሎን ላልቷል ማለት ነው። 3,500 ዋት ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ይህ ለተራ የግድግዳ ሶኬት የአቅሙ ዳርቻ ነው። ምጣድን በማከፋፈያ መሰካት ፈጽሞ አይገባም። ከብሬከር በቀጥታ የሚመጣ፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ያለው የራሱ መስመር ይዘርጋለት። ወጪው ሲታይ ይከብዳል፤ ቤት ከሚቃጠል ግን ይሻላል።

መሰኪያው ደህና ከሆነ ቮልቴጁን ያስለኩ። ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን በሚጥድበት ሰዓት 220 ቮልት መሆን የሚገባው ወደ 180 ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ 3,500 ዋት የነበረው ምጣድ 2,300 ገደማ ብቻ ይሠራል፤ የሙቀቱ አንድ ሦስተኛ ጠፋ ማለት ነው። ምጣዱ ሳይሰካ 220 ሆኖ ሲሰካ ብዙ የሚወርድ ከሆነ ጥፋቱ ከቤቱ መስመር ሊሆን ስለሚችል ብሎኖቹንና የሽቦውን ውፍረት ያስፈትሹ። ሳይሰካም ዝቅ ያለ ከሆነ ጥገና ምንም አይረዳም፤ መጋገሪያ ሰዓትን ወደ ረፋድ ማዞር ይረዳል።

አሁን ወደ ሽቦው። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፤ መሰኪያው ይነቀል፣ ምጣዱም በደንብ ይቀዝቅዝ። ገልብጠው መክደኛውን ሲፈቱ በሸክላው ቦይ ውስጥ የተጠቀለለው ሽቦ በጀሶ ተለስኖ ይታያል። በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ) ጫፍና ጫፉ ሲለካ ጤነኛ ሽቦ ከ12 እስከ 15 ኦም አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። ቁጥሩ ደህና ሆኖ አንዱ ወገን ከቀዘቀዘ ሽቦው እኩል አልተሳበም፤ ጥቅልሉ በተጨናነቀበት ይግላል፣ በሳሳበት ይቀዘቅዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ጠጋኞች አቋራጭ ይወዳሉ፦ የተቃጠለውን ቆርጠው ጥለው የቀረውን ጎትተው ማጋጠም። ጎረቤታችን ቤት እንዲህ ተደርጎ ምጣዱ ከበፊቱ ፈጥኖ ጋለ፤ ሁሉም ደስ አላቸው። ብዙ ሳይቆይ መሰኪያው ቀልጦ ከሶኬቱ ጋር ተጣብቆ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሽቦ ሲያጥር ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ይቀንሳል፣ የሚስበው አምፔር ይጨምራል፣ መስመሩም አይችለውም። ተጠማዝዞ የተጋጠመው ቦታም ራሱ ይግላል፣ ተመልሶም እዚያው ይበጠሳል። የተበጠሰ ሽቦ አይቀጠልም፤ በአዲስ ይተካል።

አዲሱ ሽቦ ዋቱ ከምጣዱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ከመዘርጋቱ በፊት ሲባጎ ወስደው የቦዩን ጉዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከተሉበት፤ ከዚያ ሲባጎውን መሬት ላይ ዘርጉት። ሽቦውን ሁለት ሰው በሁለት ጫፍ ይዞ ቀስ እያለ ይሳብ፤ ሲለቁት የሚቀረው ርዝመት ከሲባጎው ጋር ይተካከል። ቦዩ ውስጥ እያስገቡ እዚያው መጎተት ነው ሁሌ አንዱን ወገን የሚያሳሳው። ጥቅልሎቹ እርስ በርስ መነካካት የለባቸውም፤ ወደ ብሎኑ የሚሄዱት ሁለት ጫፎችም የምጣዱን ቆርቆሮ እንዳይነኩ በሸክላ መከለያ ይለፉ።

ጀሶው ከተለሰነ በኋላ ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ላይ ይድረቅ። እርጥብ ጀሶ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሳይደርቅ የተሰካ ምጣድ ይነዝራል። ሲደርቅ በሽቦውና በቆርቆሮው መካከል በመልቲሜትር ይለካ፤ ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም። የመሬት ሽቦውም (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው) በቆርቆሮው ላይ ጠብቆ ይታሰር። መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ እያበሩ እያጠፉ ያሙቁት፤ ከዚያ በጎመን ዘር እያሰሱ ያሟሹት። ሸክላው ራሱ ከላይ እስከ ታች ከተሰነጠቀ ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፤ ሸክላው ይቀየር።