«መልአክ ሆነ» እና ስለ ሞት ስናወራ የምንሳሳታቸው ሌሎች ነገሮች

በቅርቡ አንድ ለቅሶ ቤት ሄጄ ነበር። የሞተው የስድስት ዓመት ልጅ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ይዞራል፣ ሰው ይገባል ይወጣል፣ አንዷ ወጣት እናትየውን እቅፍ አድርጋ «አይዞሽ፣ አሁን እኮ መልአክ ሆኗል» አለቻት። እናት ቀና ብላ አየቻት። «እኔ መልአክ መች ፈለግሁ? ልጄን ነው እንጂ።» ከዚያ በኋላ የተናገረ ሰው የለም።

ልጅቷ ክፉ አስባ አይደለም። ፌስቡክ ላይ ሰው በሞተ ቁጥር «ሰማይ አንድ መልአክ ጨመረ» ሲባል ታያለች፣ ደስ የሚል ማጽናኛ መስሏት ነው። ግን ክርስትና እንዲህ አያስተምርም። የቆየው የኛ «ነፍስ ይማር» ራሱ ከዚህ ይሻላል፤ የሞተው ሰው አሁንም ምሕረት የሚለመንለት ሰው ነው እንጂ ወደ ሌላ ፍጥረት አልተቀየረም ማለት ነውና።

ሰው ሲሞት መልአክ ይሆናል ብሎ ማሰብ

እዚህ ላይ ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ጴንጤውም አንድ ናቸው። መላእክት ራሳቸውን የቻሉ ፍጥረት ናቸው። በኛ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት እነሱ እሑድ ተፈጠሩ፣ እኛ ዓርብ። አለቀ፣ የተለያየ ቀን፣ የተለያየ ባሕርይ።

ግራ የሚያጋባው ማቴዎስ 22፥30 ነው። ትንሣኤ የለም የሚሉት ሰዱቃውያን ጌታን ሊያጠምዱት መጡና አንዲትን ሴት ሰባት ወንድማማቾች ተራ በተራ ቢያገቧትና ሁሉም ቢሞቱ፣ በትንሣኤ የማንኛው ሚስት ልትሆን ነው ብለው ጠየቁት። እሱም በትንሣኤ ማግባት መጋባት የለም፣ እንደ መላእክት ናቸው አላቸው። ጥያቄው ስለ ጋብቻ ነው፣ መልሱም ስለ ጋብቻ ነው። እኛ ግን «እንደ» የምትለዋን ዘለልናት። «እንደ አንበሳ ነው» የተባለ ጀግና ጭራ አያበቅልም እኮ! ጳውሎስማ ጭራሽ በመላእክት ላይ እንፈርዳለን ይላል (1ኛ ቆሮንቶስ 6፥3)። ስለዚህ ሟቹን መልአክ ማድረግ ዕድገት መስጠት ላይሆን ይችላል።

መልአክን ክንፍ ያለው ጉንጫም ሕፃን አድርጎ መሳል

እሱ ከአውሮፓ ሥዕል የመጣ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መላእክት ሲገለጡ ሰው ይደነግጣል። ለዘካርያስም፣ ለእመቤታችንም፣ ለእረኞቹም «አትፍሩ» ማለት አስፈልጓቸዋል። መቃብር የሚጠብቁት ወታደሮች እንደ ሞተ ሰው ሆነዋል። ኢሳይያስ ያያቸው ሱራፌል ስድስት ስድስት ክንፍ አላቸው፣ ወደ አብርሃም ድንኳን የመጡት ደግሞ መንገደኛ ነው የሚመስሉት። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ወደ ጣሪያው ቀና ብትሉ ፊትና ክንፍ ብቻ ያላቸው መላእክት በዚያ ትልልቅ ዓይናቸው ከላይ ያዩዋችኋል፣ ከየትኛውም ጥግ ብትቆሙ። ለኔ ከፖስታ ካርዱ ሕፃን እነሱ ይበልጡብኛል።

ገነትንና መንግሥተ ሰማያትን አንድ ማድረግ

ይህ የብዙ ሰው ስህተት ነው፣ የኔም ነበር። በኦርቶዶክስ ትምህርት የጻድቃን ነፍስ አሁን ያለችው ገነት ነው፣ የኃጥአን ደግሞ ሲኦል። ሁለቱም የቆይታ ቦታ ናቸው። መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት ከዳግም ምጽአትና ከፍርድ በኋላ ነው። ጌታ ለወንበዴው «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ያለውን ልብ በሉ። ፕሮቴስታንቶች በአብዛኛው አማኝ ሲሞት ወዲያው ከጌታ ጋር ይሆናል ይላሉ፣ ፊልጵስዩስ 1፥23ን ይዘው። አድቬንቲስቶች ግን ሙታን እስከ ትንሣኤ ምንም ሳያውቁ ያንቀላፋሉ ነው የሚሉት። ለሟች መጸለይ ላይም ያው ነው፤ አንዱ ፍትሐት ያስፈታል፣ አርባና ሰማንያ ያወጣል፣ ሌላው ከሞት በኋላ ያለው ፍርድ ብቻ ነው ይላል። ለቅሶ ቤት ይህን ክርክር የሚከፍት ሰው አይቻለሁ። እባካችሁ።

ሰይጣንን የሲኦል አለቃ ማድረግ

አጭር ነው፦ ማቴዎስ 25፥41ን አንብቡ። እሳቱ የተዘጋጀው ለእሱ ነው። እስረኛ እንጂ ጠባቂ አይደለም።

ነፍሱ ገነት ገባች፣ በቃ ማለት

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ስለ ነፍስ ብዙ እናወራለን፣ ስለ ሥጋ ግን መቃብር ላይ አፈር ስንመልስ እንጨርሳለን። ጸሎተ ሃይማኖት ግን መጨረሻው ላይ «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» ነው የሚለው። በየቅዳሴው እንለዋለን፣ አፋችን ለምዶት እናልፈዋለን። ጌታ ከተነሣ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ መንፈስ ያዩ መስሏቸው ሲደነግጡ፣ ዳስሱኝ፣ መንፈስ ሥጋና አጥንት የለውም አላቸው። አሁንም አላመኑም። የሚበላ አላችሁ ወይ አለ። የተጠበሰ ዓሣ ሰጡት፣ ፊታቸው በላ (ሉቃስ 24)። የክርስቲያን ተስፋ ደመና ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አይደለም።

እዚያ አንተዋወቅም ብሎ መፍራት

ይህን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ እናታቸው የሞተችባቸው ሰዎች ናቸው። እኔ የምልካቸው ወደ ዮሐንስ 20 ነው። መግደላዊት ማርያም መቃብሩ ውስጥ ጎንበስ ስትል ነጭ የለበሱ ሁለት መላእክት አየች፣ አንዱ በራስጌ አንዱ በግርጌ ተቀምጠዋል። ለምን ታለቅሻለሽ አሏት። ጌታዬን ወስደውታል አለችና ወደ ኋላዋ ዞረች፤ ጌታ ራሱ እዚያ ቆሟል። ሁለት መላእክት ፊቷ ተቀምጠው ማለት ነው። እሷ የፈለገችው እሱን ነው። አትክልተኛው ነው ብላ ታዋራው ጀመር፣ ምክንያቱም አላወቀችውም።

«ማርያም» ሲላት አወቀችው።