የአባትን የሕይወት ታሪክ ለተዝካር እንዴት እንጽፋለን?

በቀብር ዕለት የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሌሊት በጥድፊያ ስለሚጻፍ፣ ለ40ኛው ቀን ተዝካር በእርጋታ አስፍቶ መጻፍ ይገባል። በቅድሚያ በፍትሐት ጊዜ የተጠራውን የክርስትና ስማቸውን ከንስሐ አባታቸው አረጋግጡ። የልደት ዘመናቸውን በዓመተ ምሕረት ጻፉ፤ ውጭ አገር ላሉ የልጅ ልጆች የሚላክ ከሆነ፣ የጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ7 ወይም በ8 ዓመት እንደሚበልጥ አትዘንጉ።

ከዚያ የእድሩን ዳኛ፣ የጽዋ ማኅበሩን ሙሴ (የማኅበሩን መሪ) እና አብረዋቸው ያስቀድሱ የነበሩትን ጠይቁ፤ ምክንያቱም «ደግ፣ ሃይማኖተኛ፣ ቤተሰባቸውን ወዳድ ነበሩ» የሚለው ቃል ለማንም ሟች ሊነገር ስለሚችል የእርሳቸውን መልክ አያሳይም። ሌሊት ተነሥተው ለኪዳን ጸሎት ይገሠግሡ ከነበረ፣ በየወሩ በ12 ለቅዱስ ሚካኤል ይዘክሩ ከነበረ፣ ጎረቤት ሲያዝን ድንኳን ለመትከል ቀድመው ይደርሱ ከነበረ፣ ያንኑ በዝርዝር አስፍሩ። በእኔ እምነት ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የባለቤታቸው ነው፤ ከሠልስት በኋላ ለቅሶ ደራሹ ሲቀንስ፣ ቡና አፍልታችሁ ብቻቸውን አነጋግሯቸው፣ ሲያለቅሱም አታቋርጧቸው።

የሥራ ደረጃና ሽልማት በአጭሩ ይበቃል። ጽሑፉን ከመነበቡ በፊት ለታላቅ ዘመድ አሰምታችሁ የዘር ሐረጉን አሳርሙ።