በናዚ ጀርመን በግዳጅ የሠራችን ፖላንዳዊት ወጣት ታሪክ ከመዛግብት እንዴት ማጥናት ይቻላል?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመንደሯ ተወስዳ በጀርመን እርሻ ወይም ፋብሪካ በግዳጅ የሠራችን ፖላንዳዊት ወጣት ታሪክ ለመጻፍ ከተነሡ፣ ከስሟ ይጀምሩ። የጀርመን መዝጋቢዎች ያድቪጋን ሄድቪግ፣ ካታዢናን ካታሪና እያሉ ይጽፉ ስለነበር፣ የቤተሰብ ስሟም ኮቫልስካ መሆኑ ቀርቶ እንደ ወንድ ኮቫልስኪ ተብሎ ሊገኝ ስለሚችል፣ ሁሉንም አጻጻፍ መሞከር ያስፈልጋል። የቦታ ስምም ተለውጧል፤ የፖላንዷ የዉች (Łódź) ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ሊትስማንሽታት ተብላ ነበር።

ቀጥሎ በጀርመን ባድ አሮልሰን ከተማ ወደሚገኘው የአሮልሰን ቤተ መዛግብት ይሂዱ። ስለ 17.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መረጃ የያዘ ሲሆን፣ ብዙው ሰነድ በኢንተርኔት በነፃ ይታያል። የሥራ ደብተርና የሕመም መድን ካርድ ካገኙ፣ አሠሪዋን፣ የተመዘገበችበትን ቀንና የተዛወረችበትን ቦታ በቅደም ተከተል ይጻፉ። ፎቶግራፍ ካለ በቀኝ ደረቷ በኩል ያለውን ልብሷን ያስተውሉ፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 8 ቀን 1940 የወጣው ድንጋጌ ፖላንዳውያን ሠራተኞች በቢጫ ጨርቅ ላይ ሐምራዊ «ፒ» ፊደል ያለበት ምልክት እንዲያደርጉ ያስገድድ ነበር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። እነዚህ ወረቀቶች የተጻፉት በጉልበቷ ይጠቀሙ በነበሩ ሰዎች እጅ ነው፤ ስለዚህ «በፈቃዷ መጣች» የሚል ቃል ቢያጋጥምዎ እንዳለ አይቀበሉት። በየመንደሩ የሰው ኮታ ተጥሎ፣ ወጣቶች ከመንገድ እየታፈሱ፣ እምቢ ያለች ልጅ ቤተሰብም እየተቀጣ እንደነበር ይታወቃልና። በተለይ በካርዷ ላይ የእርግዝና ወይም የወሊድ ምልክት ካለ፣ ሕፃኑ የት እንደደረሰ ሳያጣሩ አይለፉ። እ.ኤ.አ. በ1944 በጀርመን ፌልፕከ መንደር የተከፈተው «የሕፃናት ማቆያ» ከእናቶቻቸው ተነጥለው የገቡ ከ80 በላይ ሕፃናት በረሃብና በቸልታ ያለቁበት ስፍራ ሲሆን፣ ኃላፊዎቹ እ.ኤ.አ. በ1946 በእንግሊዝ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ተዳኝተዋል።

የራሷን ድምፅ የሚያገኙት ግን ከጦርነቱ በኋላ በተጻፉት ወረቀቶች ነው። የተፈናቃዮች መጠለያ ካርዶችን፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1991 ዋርሶ ውስጥ የተመሠረተው የፖላንድና የጀርመን ዕርቅ ፋውንዴሽን የያዛቸውን የካሳ ማመልከቻዎች ይጠይቁ። ልጆቿ በሕይወት ካሉ፣ ፎቶግራፏንም ሆነ የሕመምና የወሊድ መረጃዋን ከማተምዎ በፊት ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ይቀበሉ።