ከምግብ መጠይቅ የአመጋገብ ዘይቤን በስታቲስቲክስ እንዴት መለየት ይቻላል?

ሰው አንዱን ምግብ ከሌላው ጋር አቀናጅቶ ስለሚመገብ፣ በመጠይቅ የተሰበሰበን መረጃ በየምግቡ ነጥሎ ከመመርመር ይልቅ አብረው የሚሄዱትን መፈለግ ብዙ ጊዜ የበለጠ ይነግረናል።

በመጀመሪያ የድግግሞሽ መልሶች ወደ ዕለታዊ መጠን ይለወጣሉ። «በሳምንት ሦስት ጊዜ» የሚለው መልስ 3 ለ7 ተካፍሎ በቀን 0.43 ይሆናል፤ ይህም በአንድ ጊዜ በሚበላው ግራም ይባዛል። ከዚያ የማይታመኑ መልሶችን የያዙ መጠይቆች ይወጣሉ፤ ከምግቡ ሁሉ ለሚገኘው ኃይል በብዛት የሚሠራበት ወሰን ለሴቶች በቀን ከ500 እስከ 3500፣ ለወንዶች ከ800 እስከ 4000 ኪሎ ካሎሪ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ምግቦችን በቡድን ማጠቃለል ሲሆን፣ በእኔ እምነት ውጤቱን ከየትኛውም ቀመር በላይ የሚወስነው ይህ ሥራ ነው። በመጠይቁ 120 ምግቦች ቢኖሩ፣ 30 ወይም 40 ቡድኖች ይበቃሉ። ያልተፈተገ እህል ከተፈተገው ጋር በአንድ ቡድን ከገባ ግን በኋላ ምንም ዓይነት ስሌት ሊለያቸው አይችልም፤ ስለዚህ የአመዳደቡ ምክንያት ስሌቱ ሳይጀመር በጽሑፍ ይስፈር።

ዘዴው የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው። ክላስተር ትንተና ሰዎችን ይመድባል፤ እያንዳንዱ ሰውም የሚገኘው በአንድ ምድብ ብቻ ነው። ኬ-ሚንስ የተባለውን የክላስተር ስልት ከሌሎቹ እጅግ የራቁ ቁጥሮች በቀላሉ ስለሚያዛቡት፣ እነሱን አስቀድሞ መፈተሽ ያስፈልጋል። ፋክተር ትንተና ግን አብረው ከፍና ዝቅ የሚሉ ምግቦችን ፋክተር በሚባል አንድ ዘይቤ ያሰባስባል፤ ለእያንዳንዱም ሰው በሁሉም ዘይቤ ነጥብ ይሰጠዋል።

በፋክተር ትንተና አይገንቫልዩው (ፋክተሩ ከመረጃው ልዩነት ምን ያህሉን እንደሚገልጽ የሚያሳየው ቁጥር) ከ1 የሚበልጠውን ፋክተር ሁሉ መያዝ የተለመደ ቢሆንም፣ ይህ ደንብ ብዙውን ጊዜ ከሚገባው በላይ ዘይቤ ያስቀራል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ሆርን በ1965 እንዳቀረበው፣ በዘፈቀደ ከተፈጠረ መረጃ ጋር ማነጻጸር ይሻላል። የቀሩት ፋክተሮች ለማንበብ እንዲቀልሉ ቫሪማክስ በተባለው ስልት ከተሽከረከሩ በኋላ የእያንዳንዱ ቡድን ሎዲንግ፣ ማለትም ቡድኑ ከፋክተሩ ጋር ያለው ዝምድና ጥንካሬ፣ ይነበባል። ለምሳሌ አትክልት 0.68፣ ፍራፍሬ 0.61፣ ጥራጥሬ 0.47፣ ስኳር የበዛበት መጠጥ ደግሞ −0.35 ቢያሳይ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አዘውትሮ የሚመገብ ሰው መጠጡን እንደሚያሳንስ እንረዳለን። ይህን ዘይቤ «ጤናማ» ብሎ መሰየም ያጓጓል፤ ነገር ግን ጤናማ መሆኑ ገና ሊጠና የታሰበው ጥያቄ ስለሆነ «አትክልትና ፍራፍሬ የበዛበት» ማለት ይበቃል።

በመጨረሻም ተሳታፊዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ትንተናውን በየግማሹ መድገም ያስፈልጋል። በአንዱ ግማሽ ታይቶ በሌላው የጠፋ ዘይቤ፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከሪፖርቱ ይውጣ።