“ሞተሩ ይውረድ” ከመባሉ በፊት፦ አሮጌ መኪና ሲንቀጠቀጥና ሲቆራርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሞተር ሲንቀጠቀጥ ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው ነገር ከሞላ ጎደል አንድ ነው። መጀመሪያ “ካንዴላ ነው” ይባላል፤ አራት ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚለኩሰው የእሳት ብልጭታ የሚወጣበት ዕቃ) ይገዛል። ለውጥ የለም። “እንግዲያው ኮይሉ ነው።” ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው ኮይል ይገዛል። ቀጥሎ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይገጠማል። መጨረሻ ላይ ያቺ የምትፈራው ነገር ትመጣለች፦ “ጋሼ፣ ሞተሩ ይውረድ።”

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ዲኤክስ (አሮጌ ኮሮላ)፣ ላዳ ወይም አሮጌ ሚኒባስ ይዞ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ብዙ ነው። ለእሱ መኪናው አንድ ሳምንት ጋራዥ ቆመ ማለት የአንድ ሳምንት እንጀራ ቀረ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የተሰነጠቀ ክዳን ወይም የተላቀቀ ቱቦ ሆኖ ይገኛል። ይሄ ነው የሚያንገበግበው።

ምንም ነገር ከመፈታቱ በፊት ሁለት ጥያቄ መመለስ አለበት። ጥፋቱ የትኛው ሲሊንደር (ቤንዚኑ የሚቃጠልበት የሞተር ክፍል) ላይ ነው? የሚታየውስ መቼ ነው፤ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ከሞቀ በኋላ፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ወይስ ዳገት ላይ? ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ እነዚህን ሳይመልሱ ከመቸኮል የሚመጡ ናቸው።

መንቀጥቀጥን ሁሉ ሞተር ላይ መለጠፍ

መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ፍሪ ላይ ሆኖ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ነዳጅ ሲሰጡትም መንቀጥቀጡ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ጉዳዩ ከሞተሩ ወገን ነው። ቆሞ ሰላም ሆኖ 70 ወይም 80 ሲገባ ብቻ መሪው ወይም ወለሉ የሚርገፈገፍ ከሆነ ግን ካንዴላ መፍታት ከንቱ ድካም ነው። ጎማው ባላንስ ይፈልጋል፣ አለዚያም ክሮቸራው (ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያ) አልቋል። በክረምት ጭቃ ውስጥ ገብቶ በወጣ መኪና ላይ ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ብቻውን ይህን ያደርጋል። መጀመሪያ ይታጠብና ይሞከር።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን በረገጡ ቁጥር ብቻ መሪው እጅ የሚመታ ከሆነ ደግሞ የፍሬን ዲስኩን ያስዩ። ያንን ቁልቁለት ከላይ እስከ ታች ፍሬን ላይ ቆሞ መውረድ ዲስክ ይጨርሳል፣ ፍሬኑንም በሙቀት ያደክመዋል። ማርሽ ቀንሶ በሞተር ይዞ መውረድ ነው።

ሞተሩ በደንብ እየሠራ መኪናው ብቻ የሚንቀጠቀጥበት ጊዜም አለ። ሞተሩ የተቀመጠበት ጎሚኒ ከዕድሜ ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ዘይት ከነካው ይላሽቃል። ኮፈኑን ከፍተው፣ አንድ ሰው ፍሬን አጥብቆ ይዞ፣ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ትንሽ ይልቀቅ። ሞተሩ ከቦታው ተነስቶ የሚወድቅ ከሆነ ጎሚኒው አልቋል። በዚህ ጊዜ ከመኪናው ፊት ማንም አይቁም።

የታመመውን ሲሊንደር ሳያውቁ ዕቃ መግዛት

ከስህተቶቹ ሁሉ ገንዘብ የሚበላው ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር አንዱ ሥራ ሲያቆም “በሦስት እየሠራ ነው” ይባላል። የትኛው እንደቆመ ለማወቅ ዘመናዊ መሣሪያ አያስፈልግም። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የካንዴላ ካቦዎቹን (እሳት የሚያደርሱትን ገመዶች) አንድ በአንድ መንቀልና መመለስ ነው። ደህና የሆነው ሲሊንደር ካቦው ሲነቀል ሞተሩ ወዲያው ይደክማል። ሲነቀል ሞተሩ ምንም ለውጥ ካላሳየ ታማሚው ያ ነው።

አንድ ክረምት ደሴ፣ ሙጋድ በኩል፣ አንድ ወጣት መካኒክ ነጭ ዲኤክስ ላይ ይህን ሲያደርግ ቆሜ አይቻለሁ። ባለቤቱ አዲስ ካንዴላና አዲስ ኮይል ቀድሞ አስገጥሟል። የወለቁት አሮጌዎቹ ከኋላ ወንበር ላይ በፌስታል ተቀምጠዋል። መኪናው ግን እንደነበረ ነው። ልጁ አንደኛውን ካቦ ነቀለ፤ ሞተሩ ሊጠፋ ደረሰ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውን ሲነቅለው ምንም። አራተኛው ላይ ደግሞ ደከመ። እንግዲህ ሦስተኛው ነው። ሞተሩን አጠፋና የሦስተኛውን ካንዴላ ከአንደኛው ጋር አቀያየረው። ጥፋቱ ሦስተኛው ላይ ቀረ፤ ስለዚህ ካንዴላው ነጻ ወጣ። ሌላ ካቦ ለሦስተኛው ሰጠው። አሁንም ሦስተኛው። ከዚያ እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ፈታና በስተውስጥ ወደ ብርሃን አዘነበለው። ከሦስተኛው ነጥብ ወደ ጎረቤቱ የሚሄድ፣ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር አለ። እሳቱ በዚያ ስንጥቅ እየሸሸ ነበር። ክዳን ተቀየረ፣ አለቀ።

ይህ ልጅ ያደረገው ቀላል ነገር ነው። ዕቃ ሳይገዛ ዕቃ አቀያየረ። ጥፋቱ ዕቃውን ተከትሎ ከሄደ ዕቃው ነው፤ ባለበት ከቀረ ሌላ ቦታ ይፈለጋል።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። ካቦው የሚሸከመው ቮልት ብዙ ሺህ ነው፤ በባዶ እጅ አይነካም፣ ፕላስቲክ እጀታ ያለው ፒንሳ ያስፈልጋል። ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ባለው መኪና ላይ ደግሞ የተነቀለው ካቦ አየር ላይ ተንጠልጥሎ አይቆይ፤ ኮይሉንና ሞጁሉን ሊያቃጥል ይችላል። ጫፉ ላይ አሮጌ ካንዴላ ተሰክቶ፣ ካንዴላው የሞተሩን ብረት ነክቶ ይቀመጥ። መርፌ ያለው ኢንጀክሽን ሞተር ከሆነ ካቦ ከመንቀል የመርፌውን ሶኬት መንቀል ይሻላል።

ካቦ ሲመለስ ቦታው አይሳሳት። ኮሮላም ላዳም የሚተኩሱት በ1-3-4-2 ቅደም ተከተል ነው። ቮልስ ግን 1-4-3-2 ነው። ሁለት ካቦ ስለተቀያየረ ብቻ “ሞተር ሞተ” የተባለ መኪና ጥቂት አይደለም።

የወጣውን ካንዴላ ሳያዩ መጣል

ካንዴላ ሲወጣ በተርታ ይቀመጥ፤ የትኛው ከየት እንደወጣ ይታወቅ። ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ሲሊንደሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ከያዘ ቤንዚን በዝቶበታል። ዘይት ከጠገበ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎሚኒ ይጠረጠራል። ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ቤንዚን አንሶታል ወይም ከልክ በላይ ግሏል። በቤንዚን ርሶ ከወጣ ነዳጁ እየደረሰ እሳቱ ግን የለም። ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ብቻ ከተለየ የት መፈለግ እንዳለብዎት ተነግሮዎታል።

አዲስ ሲገዛም ክፍተቱ ይለካ። ኮንታክት (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እሳቱን የሚያቋርጥ ማብሪያ) ባላቸው አሮጌ ሞተሮች እንደ መኪናው ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኤሌክትሮኒክ በሆኑት ብዙ ጊዜ ወደ 1.1 ይጠጋል። የመኪናው መመሪያ የሚለውን መከተል ነው። ኤንጂኬ ወይም ዴንሶ ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ እውነተኛ አይደለም፤ ዋጋው በጣም ከረከሰ ይጠራጠሩ።

ደሴንና ኮምቦልቻን በአንድ አየር መቁጠር

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1800 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ እንወጣለን። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ከኮምቦልቻውም በግምት 8 በመቶ ያንሳል። ካርቡራተር ይህን አያውቅም። ኮምቦልቻ ላይ የተስተካከለው ደሴ ሲወጣ ለትንሹ አየር ያንኑ ቤንዚን ያፈሳል። ሞተሩ ይከብዳል፣ ጥቁር ያጨሳል፣ በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል። የአየር ፊልትሮው አቧራ ከጠጣ ይብስበታል። ደሴ ላይ የተስተካከለው ደግሞ ኮምቦልቻ ሲወርድ ቤንዚን ሊያንሰው ይችላል። ስለዚህ ካርቡራተር የሚስተካከለው መኪናው አብዛኛውን ቀን በሚውልበት ከተማ ነው።

ከዚህ የሚከፋው የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር የሚጨምቅበት ግፊት) መለኪያ ላይ ያለው ስህተት ነው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ 12 ባር ይላል እንበል። ደሴ ላይ ሲለካ 9 ይወጣል። “ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ” ይባላል። የመጽሐፉ ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል ነው። ቀጭን አየር የሚስብ ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ሩብ ያህል ቀንሶ ማሳየቱ ተፈጥሮው ነው። አራቱም 9 አካባቢ ከሆኑ አብሽሩ፣ ሞተሩ ደህና ነው። የሚፈለገው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስቱ 9 ሆነው አንዱ 5 ከሆነ ያ ችግር ነው።

ሲለካም አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ እሳቱ ይቋረጥ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ይረገጥ። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ በደንብ ከወጣ ፋሻው ነው። ካልወጣ ቫልቩ ነው፤ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ደግሞ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም መድፈኛው፣ ይጠረጠራል። ቫልቭ ነው ከተባለም ቴስታታ ከመውረዱ በፊት የቫልቩ ክፍተት ይለካ። ላዳ ላይ ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። በጣም የጠበቀ ቫልቭ አይዘጋም፤ በጊዜ ከተስተካከለ ሳይቃጠል ይተርፋል።

ውሃና ጭጋግን መርሳት

በክረምት ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው ጠዋት ጠዋት የሚያስነጥስ፣ ረፋዱ ላይ የሚድን መኪና አለ። እርጥበት ክዳኑና ካቦዎቹ ላይ ነው። ክዳኑን ፈትቶ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ለዕለቱ ይበቃል፤ በየቀኑ የሚደግም ከሆነ ግን ስንጥቅ አለ። ማታ ጨለማ ውስጥ ሞተሩን አስነስቶ ኮፈኑን መክፈትና ካቦዎቹ ላይ ውሃ በስሱ መርጨት ነው። እሳቱ የሚያመልጥበት ቦታ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

ላቫጆ ቤት ሞተር በግፊት ውሃ ማሳጠብም እንዲሁ ነው። ውሃው የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ከታጠበ በኋላ መቆራረጥ የጀመረ መኪና በአየር ተነፍቶ ይድረቅ እንጂ ምንም አይገዛለት።

ሚኒሞ ከፍ አድርጎ መሸፋፈን

ቆሞ የሚንቀጠቀጥ፣ ነዳጅ ሲሰጡት ግን ጸጥ የሚል ሞተር አየር በጎን እየሳበ ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ የደረቀ የቫኪዩም ቱቦ (ለምሳሌ ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄደው) ወይም ከካርቡራተሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ላይ ነው። ብዙ ሰው ግን ሚኒሞውን በካቻቢቴ ከፍ ያደርግና ይሸኛል። መንቀጥቀጡ ይደበቃል፣ ቤንዚኑ ይበላል። ቱቦዎቹን በእጅ እየቆነጠጡ መፈተሽ፣ ፉጨት ማዳመጥ ይሻላል። ቀዳዳ ፍለጋ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን የሚረጩ አሉ። ይህ መኪና ያቃጥላል፣ ሰውም ያቃጥላል፤ እባካችሁ ይቅር።

መቼ ነዳጅ እንደተቀዳ አለመጠየቅ

ነዳጅ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካንና በሃይላንድ እንገዛለን። በማግስቱ መቆራረጥ ከጀመረ ሌላ ነገር ከመንካትዎ በፊት ጥቂት ቤንዚን በነጭ ጠርሙስ ቀድተው ያስቀምጡ። ውሃ ካለው ከታች ይለያል። ላምባ የተቀላቀለበት ደግሞ ወረቀት ላይ ሲንጠባጠብ ቶሎ አይደርቅም፣ ቅባት ይተዋል። ታንኩን ማራገፍና ፊልትሮ መቀየር ነው።

ኮዱን እንደ ፍርድ መውሰድ

ቼክ ኢንጅን መብራት ያላቸው መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ፒ0303 ቢል ሦስተኛው ሲሊንደር ቆሟል ማለት ብቻ ነው። ኮይል ግዛ አላለም። እንደ ቪትዝ እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል ባለበት መኪና የሦስተኛውን ኮይል ወደ ሁለተኛው ማዛወር ነው። ኮዱ ወደ ፒ0302 ከተለወጠ ያኔ ኮይል ይገዛል።

“ይሄዳል እኮ” ብሎ መንዳት

በሦስት ሲሊንደር መኪና ይሄዳል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ግን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ ወደ ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል። የዘይት መለኪያውን አውጥተው ያሽቱ፤ ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱ ይቀየር። ካታሊቲክ ኮንቨርተር (ጭሱን የሚያጣራ ዕቃ) ያለው መኪና ላይ ይኸው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ እየነደደ ዕቃውን ያቀልጠዋል።

መኪናውን ጥሎ መሄድ፣ ሜዳ ላይ ሞክሮ መረከብ

“ይንቀጠቀጣል” ብቻ ብሎ ቁልፍ መስጠት መካኒኩን ጨለማ ውስጥ መተው ነው። “ጠዋት ደህና ነው፣ ሲሞቅ ዳገት ላይ ይቆርጣል፣ ከታጠበ ወዲህ ነው የጀመረው” ማለት ግማሽ ሥራ ነው። ሲያልቅም ደሴ ጋራዥ በር ላይ በሚኒሞ አይቶ መረከብ አይበቃም። ደካማ ካቦ ወይም ኮይል ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሞተሩ ሲሞቅና ሲጫን ነው። መካኒኩን ጎን አስቀምጠው ኮምቦልቻ ይውረዱና ሐረጎን መልሰው ይውጡት። አናቱ ላይ ሲደርሱ ቆመው በሚኒሞ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያዳምጡት። እዚያም ካልቆረጠ ሒሳቡን ይክፈሉ።